ትንሽ ፈረስና ድንክ ፈረስ፦ የቁመት ፉክክሩ የት ላይ ይቆማል?

ቁመቱ ከትልቅ ውሻ የማይበልጥ ፈረስ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ወይም አውሮፕላን ውስጥ ከባለቤቱ እግር ሥር ተኝቶ የሚያሳዩ ተንቀሳቃሽ ምስሎች በማኅበራዊ መገናኛ ደጋግመው ይመጣሉ። በአማርኛ የሚሰጠው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን መልክ ይይዛል። አንዱ ወገን “ድንክ ፈረስ” እያለ እንደ ተፈጥሮ ተአምር ያደንቀዋል፤ ሌላው ደግሞ ሰው ለመዝናኛ ሲል ምግብ ነፍጎ ወይም ዘሩን አበላሽቶ ያሳነሰው በሽተኛ እንስሳ ነው ብሎ ያወግዘዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ስለ አንድ እንስሳ የሚመስላቸው ቢሆንም፣ በምስሉ የሚታየው ፈረስ ከሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ዓይነቶች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ድንክ የሚለው ቃል የሚሸፍነው ልዩነት

በአማርኛ ከተለመደው መጠን ያነሰውን ሁሉ ድንክ ማለት የተለመደ ነው። የፈረስ አርቢዎችና የእንስሳት ሐኪሞች ግን ትንሽነትን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው በብዙ ትውልድ ምርጫ የመጣ፣ የአካል ክፍሎች ምጣኔው ያልተዛባ ትንሽነት ነው። እንዲህ ያለውን ፈረስ ያለ ሰውና ያለ ዕቃ ብቻውን ፎቶግራፍ ቢያነሡት፣ አንገቱ፣ ጀርባውና እግሩ እንደ ማንኛውም ፈረስ ስለሆነ ትልቅ ይሁን ትንሽ ከምስሉ መለየት ያስቸግራል። በእንግሊዝኛው አጠራር ሚኒየቸር ፈረስ የሚባለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ግን የአጥንት እድገት መታወክ ነው። ግንባሩ ያብጣል፣ የአፍንጫው ቀዳዳዎች ወደ ላይ ከፍ ይላሉ፣ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ቀድሞ ይወጣል፣ እግሮቹ ከግንዱ ጋር ሲነጻጸሩ ያጥራሉ፣ መገጣጠሚያዎቹም ይጣመማሉ። ከዚህ በታች ድንክነት የሚለው ቃል ለዚህ ሁለተኛው ሁኔታ ብቻ ያገለግላል።

ልዩነቱን ለማየት ከዝነኞቹ አንዷን መጥቀስ ይበቃል። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2001 የተወለደችው ተምበሊና ቁመቷ 44.5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በእኛ ልማዳዊ መለኪያ ሁለት ስንዝር ገደማ መሆኑ ነው። ክብደቷም 26 ኪሎ ግራም አካባቢ ነበር። በጊነስ የዓለም ድንቃ ድንቅ መዝገብ የዓለም አጭሯ ፈረስ ተብላ ተመዘገበች፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እስክትሞት ድረስም ብዙ ሆስፒታሎችንና ሕፃናትን በመጎብኘት ትታወቅ ነበር። ይሁንና ተምበሊና የተወለደችው ከመደበኛ ሚኒየቸር ፈረሶች ሲሆን፣ እሷ ራሷ ግን ድንክነት ያለባት ነበረች፤ እግሮቿ እንዲቃኑላት የድጋፍ ጫማ እስከማድረግ ደርሳለች። ሕዝብ የሚያውቃት የዘሩ ምልክት በዘሩ ውስጥ እንደ ጉድለት የሚቆጠረው ሁኔታ መገለጫ መሆኗ የግራ መጋባቱ አንዱ ምንጭ ነው።

ከከሰል ጉድጓድ እስከ ትርኢት ሜዳ

ትናንሽ ፈረሶች ሁልጊዜ ለጌጥ አልተረቡም። በስኮትላንድ ሰሜን የሚገኙት የሼትላንድ ደሴቶች ብርዳቸውና የግጦሽ እጥረታቸው ጠንካራና አጭር ፈረስ አፍርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1842 የብሪታንያ ፓርላማ ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆችን ከመሬት በታች በማዕድን ሥራ ማሰማራትን ሲከለክል፣ በጠባብ ዋሻ ውስጥ የከሰል ጋሪ የሚጎትት ሌላ ኃይል ተፈለገ። የሼትላንድ ፈረሶች በብዛት ወደ ጉድጓድ የወረዱት ከዚያ በኋላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ በማዕድን ባለቤትነቱ የሚታወቀው የሎንደንዴሪ ማርኳስ የተባለው ባላባት በብሬሴይና በኖስ ደሴቶች ላይ ያቋቋመው እርባታ ዓላማው ቀጥተኛ ነበር፤ ክብደቱ ብዙ ሆኖ ለመሬት የቀረበ ፈረስ ማግኘት። የሼትላንድ ፖኒ (ፖኒ አጭር ፈረስ ማለት ነው) የዘር መዝገብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1890 ተመሠረተ።

በዚያ ዘመን ቁመትን የሚወስነው ሥራው ነበር። ከሚፈለገው በላይ ያነሰ ፈረስ ጋሪውን መጎተት ስለማይችል ዋጋ አልነበረውም። በሌላ አነጋገር ማሳነሱ ወለል ነበረው። ማሽን የፈረሱን ቦታ ሲወስድ ግን ያ ወለል አብሮ ተነሣ።

በአርጀንቲና የፋላቤላ ቤተሰብ የተለየ መንገድ ተከተለ። ከቦነስ አይረስ ውጭ በሚገኘው እርሻቸው በትውልዶች የተመረጡና በቅርብ ዝምድና እርስ በርስ የተዳቀሉ ፈረሶች በ20ኛው ክፍለ ዘመን በቤተሰቡ ስም የሚጠራ ዘር ሆኑ፤ በ1960ዎቹም ወደ አሜሪካ መግባት ጀመሩ። በአሜሪካ ደግሞ ሁለት መዝገቦች ተከታትለው ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1888 የተመሠረተው የአሜሪካ ሼትላንድ ፖኒ ክለብ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሚኒየቸር ፈረስ መዝገብ ከፈተ፤ በ1978 ደግሞ የአሜሪካ ሚኒየቸር ፈረስ ማኅበር በቴክሳስ ተመሠረተ። የማኅበሩ የቁመት ጣሪያ 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የቀደመው መዝገብ ግን እስከ 38 ኢንች የሚደርሱትን በሁለተኛ ምድብ ይቀበላል።

ልኬቱ በጋማው ፀጉር ላይ

ፈረስ የሚለካው በተለምዶ ከመሬት እስከ ጫንቃው ከፍተኛ ነጥብ ድረስ ነው። የሚኒየቸር ፈረስ መዝገቦች ግን የጋማው የመጨረሻ ፀጉር ከቆዳው የሚነሣበትን ቦታ ይለካሉ። በትርኢት ቀን የሚደረገው እንዲህ ነው፤ ፈረሱ በደልዳላ ወለል ላይ አራት እግሩን አስተካክሎ እንዲቆም ይደረጋል፤ አግዳሚ ክንድ ያለው የመለኪያ ዘንግ ከጎኑ ይቆማል፤ ለኪው በጣቱ ጋማውን ወደ ኋላ እየተከተለ የመጨረሻውን ፀጉር ሥር ይፈልጋል፤ ከዚያም የዘንጉ ክንድ እስኪነካው ድረስ ዝቅ ይላል። ፈረሱ እግሩን በትንሹ ቢያሰፋ፣ አንገቱን ቢያወርድ ወይም ሰኮናው በቅርቡ ተሞርዶ ከሆነ ቁጥሩ ይለወጣል። የአሠራሩ ተቺዎች ፀጉር የሚበቅልበት ቦታ ከፈረስ ፈረስ ስለሚለያይ፣ አንዳንዴም ከጫንቃው ጫፍ ዝቅ ስለሚል፣ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ቁመት ከእውነተኛው ያንሳል ይላሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ምልክቱ በዓይን የሚታይ ስለሆነ በትንሽ አካል ላይ ጫንቃን በእጅ ከመፈለግ ይሻላል ብለው ይከራከራሉ።

ክርክሩ የባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ34 ኢንች በታችና በላይ መሆን የምዝገባ፣ የትርኢትና የዋጋ ልዩነት ያመጣል። ከጣሪያው በታች ያለው ቦታ ደግሞ ወለል የለውም። አብዛኞቹ ጠንቃቃ አርቢዎች ለአካል ምጣኔና ለአረማመድ ቅድሚያ ቢሰጡም፣ ከትርኢት ውጭ ባለው የቤት እንስሳ ገበያ “የሻይ ሲኒ” የሚል የማሻሻጫ ስም የወጣላቸው እጅግ ትናንሽ ውርንጭላዎች ይፈለጋሉ። የሻይ ሲኒ የሚባል የተመዘገበ ዘር የለም። ስሙ ስለ ፈረሱ ጤናም ሆነ ስለ ዘሩ ለገዢ የሚነግረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ሻጩ ፍላጎት ብቻ ነው።

ምርጫው ሳያስበው ድንክነትን የሚያስተላልፍበት መንገድ

የፈረስ መጠን በአብዛኛው በጥቂት የዘረመል ቦታዎች ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በአራት ቦታዎች የሚገኙ ልዩነቶች በፈረስ ዝርያዎች መካከል ካለው የመጠን ልዩነት 83 በመቶ ያህሉን እንደሚያስረዱ አሳይቷል። እነዚህ ምጣኔን ሳያዛቡ የሚያሳንሱ ወይም የሚያሳድጉ ናቸው።

ድንክነት ግን ሌላ በር አለው። አግሪካን የሚባለው ፕሮቲን በልም አጥንት ውስጥ ውኃ ይዞ የሚያቆይ ሲሆን፣ ረጅም አጥንቶች የሚያድጉትም ከጫፋቸው ባለው ልም አጥንት ነው። ይህን ፕሮቲን በሚያመርተው ዘረመል ላይ በሚኒየቸር ፈረሶች ዘንድ አራት ጎጂ ለውጦች ተለይተዋል፤ በኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ምርምርም ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትሟል። ከአራቱ ማንኛቸውም ሁለቱ በአንድ ፈረስ ላይ ሲገናኙ ድንክነት ይከሰታል። ከአራቱ አንደኛው ለውጥ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ግን ፅንሱ በሕይወት አይወለድም።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው አንድ ቅጂ ብቻ የወረሰው ፈረስ፣ ተሸካሚ የሚባለው፣ ጤነኛ መስሎ መኖሩ ነው። ተሸካሚ ድንጉላ ከተሸካሚ ባዝራ ጋር ሲዳቀል በእያንዳንዱ ወሊድ ከአራት አንድ ዕድል ውርንጭላው ድንክ ይሆናል ወይም ይሞታል፤ ከአራት ሁለት ዕድል እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ ይሆናል፤ ከአራት አንድ ዕድል ደግሞ ከለውጡ ነጻ ይወለዳል። ባዝራዋ ስትጨነግፍ አርቢው የአየር ጠባዩን፣ መኖውን ወይም ኢንፌክሽንን ይጠረጥራል፤ ጥፋቱ በሁለቱ ውብ ወላጆች ደም ውስጥ መሆኑ ላይታየው ይችላል።

እዚህ ላይ የገበያው ሚና ይመጣል። ብዙ አርቢዎች ተሸካሚ ፈረሶች ከንጹሖቹ በጥቂቱ አጠር፣ በመልካቸውም ጠጠር የሚሉ እንደሚመስሏቸው ይናገራሉ። ይህ ግምት በመንጋቸው ውስጥ እውነት በሆነ መጠን፣ በየትውልዱ “ከሁሉ ትንሿን ባዝራ” መርጦ ማስቀረት ተሸካሚነትንም አብሮ መርጦ ማስቀረት ይሆናል። ክፋት ወይም ድብቅ ዓላማ አያስፈልገውም። ዋጋው በኢንች ከተተመነ፣ ሐቀኛ አርቢም ሳያውቅ ድንክነትን ወደሚያባዛ አቅጣጫ ይገፋል። የዘር መዝገቦቹ ድንክነት የሚታይበትን ፈረስ ጉድለት አለበት ብለው ከትርኢት ማስወጣታቸው በዓይን የሚታየውን ብቻ ይከለክላል፤ ተሸካሚው ግን ሜዳሊያ ሊያሸንፍ ይችላል።

ምግብ በመከልከል ፈረስ ይሳነሳል የሚለው በአማርኛ አስተያየቶች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታይ እምነት ግን ከዚህ ጋር አይሄድም። የተራበ ውርንጭላ የሚሆነው የተጎሳቆለ ፈረስ ነው እንጂ ሚኒየቸር አይደለም፤ ልጆቹም የወላጆቹን ዘር ይወርሳሉ እንጂ ረሀባቸውን አይወርሱም።

የመጠኑ ጣጣ፦ ወሊድ፣ ጥርስና ስብ

ድንክነት የሌለበት ሚኒየቸር ፈረስ 25፣ አልፎም ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፤ በመጠኑ ብቻ የታመመ እንስሳ ነው ማለት ስህተት ነው። ነገር ግን አካል ሲያንስ ሁሉም ክፍል በእኩል አያንስም።

ወሊዱ ከሁሉ የከበደው ነው። የፈረስ እርግዝና 11 ወር ገደማ ሲሆን፣ ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ውርንጭላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መውጣት አለበት። የሚኒየቸር ውርንጭላ ጭንቅላት ከእናቱ ዳሌ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፤ ግንባሩም ወደ ውጭ ጎላ ያለ ነው። በትልቅ ባዝራ ላይ ሐኪሙ ክንዱን አስገብቶ የታጠፈ እግር ወይም የዞረ አንገት ያቃናል። በሚኒየቸር ባዝራ ላይ ግን የጎልማሳ ሰው እጅ ለመንቀሳቀስ ይቅርና ለመግባትም ይቸገራል፤ አንዳንዴ የሚቀረው በቀዶ ጥገና ማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አርቢዎች የመውለጃው ወቅት ሲቃረብ ሌሊቱን በካሜራና በተረኛ ይጠብቃሉ። ለጌጥ ብሎ አንዲት ባዝራና አንድ ድንጉላ የገዛ ሰው ይህን የሚማረው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሙት ውርንጭላ ነው።

ጥርሱም ከመንጋጋው ጋር እኩል አያንስም። በአጭር መንጋጋ ውስጥ የተጨናነቁ ጥርሶች ይደራረባሉ፤ ሥራቸውም የፊት አጥንትን ወደ ውጭ ገፍቶ እብጠት ያሳያል፤ ስለዚህ በየጊዜው የጥርስ ሐኪም መጎብኘት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስብ ነው። መቶ ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚኒየቸር ፈረስ በቀን የሚበቃው ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ድርቆሽ ነው። ደግ ባለቤት ግን በለምለም ሣር ላይ ለቅቆ እህል ይጨምርለታል፤ ፈረሱም ይወፍራል፤ ውፍረቱም ላሚናይቲስ የሚባለውን በሰኮናው ውስጥ የሚፈጠር የሚያሠቃይ ብግነት ያመጣል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ መኖውን በአንድ ጊዜ ቢቆርጥ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። ፈረሱ፣ በተለይም ወፍራምና እርጉዝ ባዝራ፣ መብላት ሲያቆም የተጠራቀመውን ስብ ወደ ደሙ ይለቅቃል፤ ከዚያም ጉበቱ አልችል ይላል፤ የተቀዳው ደም ሲረጋም ከላዩ የሚቀረው ፈሳሽ ወተት መስሎ ይታያል። ሃይፐርሊፒሚያ የሚባለው ይህ ሕመም ካልተደረሰበት ይገድላል። ምግቡን በልኩ መስጠትና መቀነስ ካስፈለገም ቀስ በቀስ መቀነስ የሚመከረው ለዚህ ነው። ሳሎን ውስጥ ብቻውን የሚኖር ፈረስ ጉዳይም ከዚህ አይርቅም፤ ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እየተንቀሳቀሰ ጥቂት ጥቂት ለመንጨት የተፈጠረ ሆድና ሰኮና አለው፤ ምንጣፍ ለሁለቱም አይሆንም።

መሪ ፈረሶችና የአሜሪካ ሕግ

በአውሮፕላን ላይ የሚታየው ፈረስ ከዚህ የተለየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 በሰሜን ካሮላይና የተጀመረ ፕሮግራም ሚኒየቸር ፈረሶችን ለዓይነ ሥውራን መሪነት ማሠልጠን ጀመረ። መከራከሪያው ጠንካራ ነበር፤ መሪ ውሻ የሚያገለግለው ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት ባነሰ ጊዜ ነው፤ ፈረስ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይኖራል፤ ዓይኖቹ በጎን በኩል ስለሚገኙም ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ውሻ የሚያሳክካቸው ወይም በባህል ምክንያት ውሻ የማይቀርቡ ሰዎችም አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የሚሸሽ እንስሳ በግርግር ጎዳና መምራቱን፣ ግጦሽ የሌለበት አፓርታማ ውስጥ መኖሩን አጥብቀው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ነጥብ ክብደት አለው፤ በቁጥር ግን መሪ ፈረሶች እስካሁን እጅግ ጥቂት ናቸው።

የሕጉ አቋም በሰዎች ንግግር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቀላቀላል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2011 ጀምሮ አገልግሎት ሰጪ እንስሳ ማለት ውሻ ብቻ ነው ቢልም፣ ለሥራ ለሠለጠነ ሚኒየቸር ፈረስ የተለየ አንቀጽ አለው። ንግድ ቤት ፈረሱን መቀበል ይቻል እንደሆነ ሲያመዛዝን መጠኑንና ክብደቱን፣ በባለቤቱ ቁጥጥር ሥር መሆኑን፣ ቦታ እንዳያቆሽሽ የለመደ መሆኑንና ለደኅንነት አደጋ መፍጠር አለመፍጠሩን ያያል። የአየር ጉዞ ግን በሌላ ሕግ ይመራል። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 አውጥቶ በጥር 2021 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ መሠረት አየር መንገዶች እንደ አገልግሎት ሰጪ እንስሳ የመቀበል ግዴታ ያለባቸው ውሻን ብቻ ነው። ፈረስ በአውሮፕላን የሚያሳዩት ታዋቂ ምስሎች በአብዛኛው ከዚያ በፊት የተነሡ ናቸው።

ይህ በአሜሪካ በታክሲ ሥራ ለተሰማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ባዶ ወሬ አይደለም። በየብስ ላይ ያለው ግዴታ አሁንም አለ፤ አሽከርካሪው እንስሳው የሚያስፈልገው በአካል ጉዳት ምክንያት እንደሆነና ምን ሥራ ለመሥራት እንደሠለጠነ መጠየቅ ይችላል፤ የምስክር ወረቀት እንዲታይ ወይም ስለ ሕመሙ እንዲነገረው መጠየቅ ግን አይችልም።

ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትስ?

ከኢትዮጵያ ፈረሶች አብዛኞቹ በዓለም አቀፉ የስፖርት መለኪያ ቢለኩ 148 ሴንቲ ሜትር ስለማይሞሉ ፖኒ ተብለው ይመደባሉ፤ ሆኖም ማንም ድንክ አይላቸውም፤ ስለዚህ ትንሽነት አንጻራዊ መሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሚኒየቸር ፈረስ ማስገባት ከታሰበ ግን ትልቁ እንቅፋት ዋጋው ሳይሆን የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው በትንኝ መሰል ነፍሳት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። በሽታው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የሚገኝ ሲሆን፣ ከእሱ ጋር ያልኖሩ ፈረሶች ሲያዙ የሚሞቱት እስከ 95 በመቶ ሊደርሱ ይችላሉ። አህያ በአንጻሩ ይቋቋመዋል።

ምርመራው በማን ላይ ይሁን?

የድንክነት ለውጦቹን የሚለይ ምርመራ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ዘረመል ላቦራቶሪን በመሳሰሉ ተቋማት ይሰጣል። የሚላከው ከጋማ ወይም ከጅራት ከነሥሩ የተነቀለ ጥቂት ፀጉር ነው፤ መዝገቡ ቁመትን ከሚለካበት ጋማ የተነቀለ ፀጉር ስለ ቀጣዩ ትውልድ ከቁመቱ የበለጠ ይናገራል።

ክርክሩ ውጤቱን ምን እናድርገው የሚለው ነው። አንዳንዶች ተሸካሚ ሁሉ ከእርባታ ይውጣ፣ ድንጉሎችም ይኮላሹ ይላሉ። ሌሎች ይህ ከጥቂት መሥራቾች በተገኘ ዘር ውስጥ ያለውን ብዝኃነት በአንድ ጊዜ ያጠባል፣ በምትኩም ሌላ ድብቅ ሕመም እንዲገን ያደርጋል ብለው ይመልሳሉ። ሁለተኛው ወገን በሒሳብ የተሻለ መልስ አለው፤ ተሸካሚ ከነጻ ጋር ብቻ ከተዳቀለ ከታወቁት ለውጦች የሚመጣ ድንክ ውርንጭላ አይወለድም፤ ግማሾቹ ውርንጭላዎች ተሸካሚ ስለሚሆኑ እነሱም ተመርምረው ከለውጡ ነጻ ከሆኑ ፈረሶች ጋር ይዳቀላሉ። ግን ይህ የሚሠራው ሁሉም ሲመረምሩ ነው። አንድ አርቢ መርምሮ ተሸካሚውን ከነጻ ጋር ሲያዳቅል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ያልተመረመረች ትንሽ ባዝራ በበለጠ ዋጋ ከሸጠ፣ ገበያው የሚከፍለው ለጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ተግባራዊው ጥያቄ መዝገቦቹ ከወላጆች ቁመት ቀጥሎ የምርመራ ውጤትንም በውርንጭላው ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ያስገድዱ ወይስ ለአርቢው ፈቃድ ይተዉት የሚለው ይሆናል። ግዴታውን የሚቃወሙት ወጪውንና የግል ንብረት መብትን ያነሣሉ። የምርመራው ክፍያ ግን ከአንድ የቀዶ ጥገና ወሊድ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ገዢም ቢሆን ከመክፈሉ በፊት የሁለቱን ወላጆች ውጤት እንዲያሳዩት ከመጠየቅ የሚያግደው ደንብ የለም።